የታመመው ዓሣው ነው ወይስ ውሃው?

ለልጆቻችሁ ደስታ ብላችሁ በቤታችሁ የጌጥ ዓሣ የምታሳድጉ ወላጆች፣ ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ እናንተን የሚመለከት ነው። ዓሣ በአብዛኞቻችን ቤት የሚታወቀው ከመጥበሻ ላይ ስለሆነ፣ «ለማይበላ ዓሣ ይህ ሁሉ ድካም ለምን?» የሚሉ አዛውንት አይጠፉም። ነገር ግን ልጅዋ ስም ያወጣችለት ዓሣ በጎኑ ተጋድሞ ያየች እናት ነገሩ እንዲህ ቀላል እንዳልሆነ ታውቃለች።

አንዲት የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ የሆነች ጎረቤታችን ለ7 ዓመት ልጅዋ ሁለት ወርቃማ ዓሣዎች ገዝታ 20 ሊትር በሚይዝ የመስታወት ገንዳ አኖረችላት። በሁለተኛው ሳምንት ውሃው ደፈረሰ፤ ዓሣዎቹም ክንፋቸውን ሰብስበው፣ ወደ ላይ ወጥተው አየር ይጎርሱ ጀመር። እናት ከሥራ ስትመለስ ይህን አየችና ውሃውን እስከ መጨረሻው ደፋች፤ ጠጠሩንና መስታወቱን በሳሙና አሸች፤ ከቧንቧም ቀድታ ሞላች። ሲነጋ አንደኛው ሞቶ ተገኘ።

በዚህች እናት ማንም ሊፈርድባት አይገባም። የቆሸሸ ዕቃ ማጠብ የለመደ እጅ ሌላ ምን ያደርጋል?

ዓሣ የሚበላውም የሚጸዳዳውም በአንዱ ውሃ ውስጥ ነው። ከሰውነቱ ከሚወጣው ቆሻሻና ከተረፈው መኖ አሞኒያ የተባለ መርዝ ይፈጠራል። ይህን መርዝ መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም እምብዛም ወደማይጎዳው ናይትሬት የሚለውጡ፣ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች አሉ፤ መኖሪያቸውም ጠጠሩና የማጣሪያው ስፖንጅ ነው። በአዲስ ገንዳ ውስጥ በበቂ ቁጥር እስኪራቡ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ያህል ይፈጃል። ጎረቤታችን በሳሙና ያጠበችው እንግዲህ እነዚህኑ ረዳቶችዋን ነበር። በዚያ ላይ ለእኛ ጤና ሲባል በቧንቧ ውሃ የሚጨመረው ክሎሪን የዓሣውን መተንፈሻ ይጎዳል።

ስለሆነም ዓሣችሁ እንዲህ ሲሆን ካያችሁ ውሃውን በሙሉ አትድፉ። ከሲሶው እስከ ግማሹ ያህል ብቻ ቀድታችሁ አውጡ፤ የወጣው ለአበባ ማጠጫ መልካም ነው። በምትኩ የሚገባው ውሃ በሰፊ ሳፋ ተቀድቶ፣ ሳይከደን አንድ ቀን የሰነበተ ይሁን። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሠፈር በጀሪካን ማጠራቀም ልማድ ነው፤ ይሁንና የተከደነ ጀሪካን ክሎሪኑን ይዞ ያቆያልና የዓሣውን ድርሻ ለይታችሁ በሳፋ ገልብጡ። ሙቀቱም ከገንዳው ውሃ ጋር ይመሳሰል። ስፖንጁን ከገንዳው በወጣው ውሃ ብቻ አለቅልቁት፤ ሳሙና አይንካው። መብራት ጠፍቶ የማጣሪያው ሞተር ከቆመ፣ ውሃውን በኩባያ እየቀዳችሁ ከፍ አድርጋችሁ መልሳችሁ ብታንቆረቁሩት አየር ያስገባል።

መኖውን ለሁለት ቀን አቁሙ። «ይራባል» ብላችሁ አትጨነቁ፤ ወርቃማ ዓሣ ጥቂት ቀን ያለ መኖ ቢቆይ አይጎዳም። ከዚያ በኋላ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ጨርሶ የሚውጠው ቁንጥር ይበቃዋል። በሰውነቱ ላይ የጨው ቅንጣት የመሰለ ነጭ ነጠብጣብ ካያችሁ ግን ያ ጥገኛ ተውሳክ ስለሆነ የራሱ ሕክምና አለው፤ የእንስሳት ሐኪም አማክሩ።

ለጎረቤታችን ከዚህ ሁሉ የከበዳት ሌላ ነገር ነበር። ልጅቱ ማታ ማታ እናትዋ ሳታይ ለዓሣዎቹ ዳቦ ትፈረፍርላቸው ኖሮ፣ «እኔ ነኝ የገደልኩት» ብላ እህል አልቀምስ አለች። እናት መጀመሪያ «ሌላ እገዛልሻለሁ» ብላ ልታባብላት ሞከረች፤ አልሆነም። በኋላ ከአጠገብዋ ቁጭ ብላ እውነቱን ነገረቻት፤ ይኸውም ዳቦው ውሃውን እንዳበላሸ፣ እርስዋም ራስዋ በሳሙናው እንዳባሰችው፣ ሁለቱም ይህን ያደረጉት ሳያውቁ እንደሆነ ነው። ልጅቱ ብዙ አለቀሰች፤ ከዚያም «ብርቱካንስ?» ስትል ጠየቀች። ብርቱካን የተረፈው ዓሣ ነው።

ብርቱካንን አብረው አስታመሙት። እናት በየማለዳው ወደ ሥራ ከመሄድዋ በፊት ከገንዳው ውሃ ጥቂቱን ትለውጣለች፤ ልጅቱ ደግሞ መኖውን በለስላሳ ቆርኪ እየሰፈረች፣ ሰዓት እያየች ትሰጠዋለች። በሁለተኛው ሳምንት ክንፉን ዘርግቶ ይዋኝ ጀመር። አሁን የሚያሳስባቸው የገንዳው ጥበት ነው፤ ወርቃማ ዓሣ በሚገባ ከተያዘ ከ20 ሴንቲ ሜትር በላይ ሊያድግ፣ ከ10 ዓመት በላይም ሊኖር ይችላልና ሰፋ ያለ ገንዳ ለመግዛት እናት ከደመወዝዋ ማጠራቀም ጀምራለች።