የጫጉላ ጎጆ በሊማሊሞ ግርጌ

በአገራችን ጥንታዊ ልማድ ለአዲስ ሙሽሮች ከሠርጉ በኋላ ለብቻቸው የሚሰነብቱበት ጎጆ ይዘጋጅላቸው ነበር፤ ስሙም ጫጉላ ይባላል። ዛሬ ግን «የጫጉላ ሽርሽር» ሲባል በብዙ ሰው አሳብ የሚመጣው የከተማ ሆቴል ነው። የጐንደር የንግድ ሰዎች ጎጆውን ወደ ቀድሞው ክብሩ ቢመልሱት ከልማዱም ከገበያውም እንደሚጠቀሙ የታወቀ ነው።

ከደባርቅ ተነሥቶ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተሠራውን የሊማሊሞን ጠመዝማዛ መንገድ የወረደ መንገደኛ ድብ ባሕርን ከግርጌው ያገኛታል። ከበላይዋ የደጋው ብርድ፣ ከበታችዋ የቆላው ሙቀት አለ። በአቅራቢያዋ ያለው የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም. በሕግ ተቋቁሞ በ1970 ዓ.ም. መጨረሻ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። ዋልያውንና ጭላዳውን ለማየት የሚመጣው እንግዳ ግን ድብ ባሕርን በመኪና መስኮት አይቶ ያልፋታል እንጂ አያድርባትም።

አሳቡ ቀላል ነው። ባልና ሚስት የአንድ ንጹሕ ጎጆ ቁልፍ ተቀብለው፣ ምጣዱንና ድስቱን፣ ጀበናውንና ረከቦቱን በቦታው አግኝተው፣ ራሳቸው እያበሰሉ ጥቂት ቀን ይሰነብታሉ። ረቡዕና ዓርብ የሚጾም እንግዳም ስለ ምግቡ ማንንም መለመን አያስፈልገውም። በፈረንሳይ አገር የገጠር ማረፊያ ቤቶች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1955 በዚሁ መንገድ ተመሥርቶ ገበሬው ከእርሻው ሳይለቅ ተጨማሪ ገቢ እንዲያገኝ ረድቷል። በእኛም አገር የመቄት ገበሬዎች በማኅበር ተደራጅተው እንግዳ ተቀብለዋል።

ነጋዴው ግን «ሆቴሉ ያለ ወጥ ቤቱ ምን ያተርፋል?» ይል ይሆናል። መልሱ ከገንዘቡ አካሄድ ይገኛል። ሆቴል ያረፈ እንግዳ የእራቱን ዋጋ ለአንድ ካዝና ይከፍላል፤ ጎጆ ያረፈው ግን ዘይቱን፣ ስኳሩን፣ ሽሮውንና ክብሪቱን ከባለሱቁ፣ ዕንቁላሉንና ማሩን ከጎረቤቱ ይገዛል። አስመጪው የጋዝ ምድጃና የፀሐይ ብርሃን መብራት ይሸጣል። ቡናውን ከጀበና የቀመሰ የውጭ አገር ሰውም ወደ አገሩ ሲመለስ የላኪው ደንበኛ ለመሆን የቀረበ ነው።

ሆኖም ሦስት ነገሮች አስቀድመው ሊታሰቡ ይገባል። አንደኛው ማገዶ ነው። የደጋው አስታና ጽድ ለእንግዳ ምድጃ የሚነድ ከሆነ እንግዳው ሊያየው የመጣው ነገር ራሱ ይጠፋል፤ ፓርኩ በ1989 ዓ.ም. በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገብቶ የወጣው በ2009 ዓ.ም. መሆኑን መዘንጋት አይገባም። ሁለተኛው ዋጋ ነው። ለአገር ሰው አንድ፣ ለእንግዳ ሌላ ዋጋ የሚጠራ ባለሱቅ የዛሬውን ትርፍ አግኝቶ የነገውን ገበያ ይዘጋል፤ ስለዚህ ዋጋው በግልጽ ተጽፎ ይለጠፍ። ሦስተኛው ባለቤትነት ነው። በ1987 ዓ.ም. በወጣው ሕገ መንግሥት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ አይሸጥም፤ እንግዲህ ባለሀብቱ ገበሬውን ከይዞታው አስለቅቆ ዘበኛ ከሚያደርገው ይልቅ ዕቃውን በዱቤ አቅርቦ ከኪራዩ ቀስ በቀስ ቢቀበል ለሁለቱም ይበጃል።

ከእነዚህ ሁሉ በላይ ሰላም አለ። በ2013 ዓ.ም. የተነሣው ጦርነትና በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የተከተለው ግጭት የመንገደኛውን እግር ምን ያህል እንዳሳጠሩት ሱቁን ከፍቶ ገዢ ያጣ ሁሉ ያውቃል። መንገዱ ባልጸናበት ጊዜ ሙሽሮችን መጥራት ደግ አይደለም፤ ጎጆውን በማሰናዳት፣ ገበሬውን በማስተማር፣ ሚዛኑን በማስተካከል መቆየት ግን ከብልህ ነጋዴ የሚጠበቅ ሥራ ነው። ሰላም ሲጸና እንግዳው ይመጣል፤ ያን ጊዜ ማረፊያ መፈለግ መጀመር ግን ሙሽሮቹ ደጅ ከደረሱ በኋላ ዳስ እንደ መጣል ይሆናል።

እንግዲህ በሁለት ወይም በሦስት ጎጆ ቢጀመር ኪሳራው ቀላል፣ ትምህርቱ ብዙ ነው። ድብ ባሕርም ከመንገደኛው አቧራ ይልቅ ገንዘቡ የሚደርሳት መንደር ትሆናለች።