«ይፈርሙ» አሉኝ፤ ፈረምኩ!

ይህቺን ነገር ለመጻፍ አንድ ዓመት አመነታሁ። ከቀበቶ በታች ነዋ! በእኛ አገር ከቀበቶ በታች ያለ በሽታ እንኳን ለጋዜጣ ለሚስትም አይነገርም። ግን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።

ሌሊት አምስት ጊዜ ለሽንት ስነሳ «እርጅና ነው» እያልኩ ሁለት ዓመት ቆየሁ። አንድ ቀን ጭራሽ ተዘጋብኝና ሆስፒታል ወሰዱኝ። «ፕሮስቴት ነው፤ ኦፕራሲዮን ያስፈልግዎታል» አሉኝ። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወረቀት መጣ። «ምን ይላል?» ብል «ለፎርማሊቲ ነው አባባ፤ ይፈርሙ!» ተባልኩ። ፈረምኩ።

እስቲ ያኔ ያልተነገረኝን ልንገራችሁ።

ፕሮስቴት ከፊኛ ሥር ሆኖ የሽንት ቧንቧን እንደ ቀለበት የሚከብ የወንድ ዕጢ ነው። ሲያብጥ መንገዱን ያንቃል። እንደ እኔ ካንሰር ካልሆነ የሚወጣው መንገድ የዘጋው የውስጡ ክፍል ነው። ካንሰር ሆኖ ካልተሠራጨ ግን ዕጢው እንዳለ ሊወጣ ይችላል። ሁለቱ ለየቅል ናቸው።

ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሁለት ሳምንት ካቴተር ይዞ መቆየት አለ። ሽንት ለጊዜው ደም ቢቀላቅል አያስደነግጥም፤ የረጋ ደም ቱቦውን ከዘጋ ወይም ትኩሳት ከመጣ ግን ወደ ሐኪም መሮጥ ነው። ካቴተሩ ሲወጣ ሽንት ሊያመልጥ ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ወይም በወራት ይሻላል።

«ወንድነትስ?» ትሉኛላችሁ። የውስጡ ብቻ ሲወጣ ወንድነት አብዛኛውን ጊዜ አይጠፋም፤ ዘሩ ግን ወደ ኋላ ወደ ፊኛ ሄዶ በሽንት ይወጣል። ጉዳት የለውም። ይህን የነገረኝ ስላልነበረ «አለቀልኝ» ብዬ ከባለቤቴ ጋር ስድስት ወር ጀርባና ጀርባ ተኛን! ዕጢው በሙሉ ሲወጣ ግን በጎንና ጎኑ ያሉት ነርቮች ሊጎዱ ይችላሉ። ፓትሪክ ዋልሽ የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም እንደ ፈረንጆቹ በ1982 ነርቮቹን የሚያተርፍ የአሠራር ዘዴ ጀምሯል፤ ቢሆንም ማገገሙ ከዓመት በላይ ሊፈጅ ይችላል።

ሐኪሞቹን አልረግምም፤ ዛሬ እንቅልፍ የምተኛው በእነሱ እጅ ነው። የወረፋውንም ርዝመት በዓይኔ አይቻለሁ። ለመሆኑ አምስት ደቂቃ በሚገባኝ ቋንቋ ማስረዳት የውጭ ምንዛሪ ይጠይቃል እንዴ? የሚመለከታችሁ ሹማምንት፣ ያንን ወረቀት አስተርጉሙልን! ገላው የእኛ ነው።

እናንተም ወንድሞቼ፣ ሳትጠይቁ አትፈርሙ!