በሚሌ ገበያ «ትኩስ» ማለት ምን ማለት ነው?

በሚሌ ገበያ አንድ ሰው ቲማቲሙን እያገላበጠ «ትኩስ ነው ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ፥ ሻጯ «ዛሬ የገባ ነው» ትለዋለች። እውነቷን ነው፤ ዛሬ ገብቷል። መቼ እንደ ተቀጠፈ ግን የሚጠይቃት የለም፥ እርስዋም ልታውቀው አትችልም። ከወሎ በባቲ ቁልቁለት በጭነት መኪና የወረደ ቲማቲም በቆላው ሙቀት በሳጥን ታፍኖ ውሎ ከላይ ቀይ ቢመስል ከሥር ውሃ ሆኗል።

የሚያስገርመው አገሩ ውሃ ያጣ አለመሆኑ ነው። የሚሌ ወንዝ ለከተማዋ ስሙን ሰጥቶ ወደ አዋሽ ይገባል፤ አዋሽም ባሕር ሳይደርስ አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል። ታዲያ በዚህ ውሃ ምን ተዘራበት? በላይኛው አዋሽ የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። በ1950ዎቹም የእንግሊዙ ሚቸል ኮትስ ኩባንያ ከመንግሥት ጋራ ሆኖ በተንዳሆ ሰፊ እርሻ ሲያቋቁም የተዘራው ጥጥ ነበረ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ታውጆ እርሻው ሲወረስ፥ ባለቤቱ ተለወጠ እንጂ ሰብሉ አልተለወጠም። ከዚያ ደግሞ ግድብ ተሠርቶ የሸንኮራ አገዳ ተራ መጣ። በዚህ ሁሉ መካከል አፋሩ በበጋ ከብቱን የሚያሰማራበት የወንዝ ዳር ሣር አንሶበታል፤ በምትኩም አንድ እግር ሽንኩርት እንኳ ወደ ገበያው አልመጣለትም። ጥጥና ስኳር ለአገር አይጠቅሙም ማለቴ አይደለም፤ ነገር ግን ለወጥ አይሆኑም።

በሚሌ በእውነት ትኩስ የሆነ ነገር ቢኖር የግመልና የፍየል ወተት ነው። እርሱም በቀድሞው ልማድ ለእንግዳ የሚሰጥ እንጂ የሚሸጥ አልነበረም!

«አፋር አርብቶ አደር ነው፥ እርሻ አያውቅም» የሚሉ ወንድሞች አሉ። አሳይታ ድረስ ሄደው አፋሩ በመስኖ የሚያበቅለውን በቆሎ ይመልከቱ። የጎደለው ዕውቀት ሳይሆን ውሃ የሚደርሰው መሬት ነው። ስለዚህ በተንዳሆ መስኖ ከሚለማው ላይ፥ ከመቶ አምስት እጅ እንኳ ቢሆን፥ ለአካባቢው ሰዎች ማኅበር ለአትክልት ይለቀቅ እላለሁ። የሎግያ፥ የሰመራና የሚሌ ሰው ገዢ ነው። መንገዱም አስፋልት ነውና ጧት በዱብቲ የተቀጠፈ ቲማቲም ፀሐዩ ሳይበረታ ሚሌ ይደርሳል።