የጓሮ አትክልት ጥበቃ የአንድ ቤት ሥራ ብቻ አይደለም

የጓሮ አትክልት ለገበሬው ቤተሰብ የሚሰጠው ጥቅም ብዙ ማስረጃ የሚያሻው ጉዳይ አይደለም። በክረምት ጎተራው ሲራቆትና አዲሱ እህል ገና በማሳ ላይ ሳለ፣ ከቤት ጀርባ የበቀለው ጎመን የብዙ ቤተሰብ መጠጊያ ነው። በፎገራ ሜዳና በዝዋይ ሐይቅ ዳርቻ ደግሞ ሽንኩርትና ቲማቲም ከጓሮ አልፈው በመስኖ እየለሙ ለገበያ የሚቀርቡ የገቢ ምንጮች ሆነዋል። ይሁን እንጂ ችግኙ ከመደብ ተነቅሎ ወደ ማሳ ከተዛወረበት ቀን አንሥቶ ምርቱ እስኪሰበሰብ ድረስ ሦስት ጠላቶች ያደቡበታል። እነዚህም አረም፣ ተባይና የተራበ የዱር አውሬ ናቸው።

ከሦስቱ አንዳቸውም የማሳ ድንበር አያውቁም። በአንዱ ገበሬ ማሳ ዳር ሳይነቀል የቀረ አረም ዘሩን በነፋስና በመስኖ ቦይ ለጎረቤት ያደርሳል። ምርቱ ከተለቀመ በኋላ በማሳ ላይ የተተወ የቲማቲም ግንድ ለአካባቢው ሁሉ የተባይ መራቢያ ይሆናል። ከአንዱ አጥር የተባረረ የዝንጀሮ መንጋም ወደሚቀጥለው አጥር ይሻገራል። በመሆኑም እያንዳንዱ ቤተሰብ ለየብቻው የሚያደርገው ጥረት የቱንም ያህል ቢበረታ ውጤቱ ግማሽ ነው። የአትክልት ጥበቃ የገበሬ ማኅበራትና የመስኖ ውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት መሪዎች በዕቅድ ሊይዙት የሚገባ ሥራ ነው የሚባለውም ስለዚህ ነው።

በመጀመሪያ የአረምን ጉዳይ መመልከት ይገባል። ሽንኩርት ቅጠሉ ቀጭንና ቀጥ ያለ በመሆኑ መሬቱን ሸፍኖ አረምን በጥላው ሊያፍን አይችልም። ችግኙ በተዛወረባቸው የመጀመሪያ ሳምንታት በአረም ከተዋጠ፣ ኋላ የሚደረገው ኩትኳቶ የጠፋውን ምርት አይመልስም። እንግጫና ሰርዶ ደግሞ ላይ ላዩን ቢቆረጡ ከመሬት ውስጥ ካለው ሥራቸው መልሰው ያቆጠቁጣሉ፤ መፍትሔያቸው ሥራቸውን ፈልፍሎ አውጥቶ በፀሐይ ማድረቅ ነው። ፓርቴኒየም የሚባለውና በብዙ ቦታ ቅንጨ አረም ተብሎ የሚታወቀው መጤ አረም አንዱ ተክል ብቻ በሺህ የሚቆጠር ዘር ያፈራል። ቆዳን ስለሚያሳክክና የመተንፈሻ አካልን ስለሚያስቆጣ የሚነቅለው ሰው እጁን ሳይሸፍን ሊነካው አይገባም።

ለሁሉም አረም የሚሠራው ደንብ ግን አንድ ነው፤ ይኸውም አበባ ሳያወጣ መንቀል ነው። ዘር የቋጠረውን አረም ነቅሎ በቦይ ዳር መጣል ለታችኛው ገበሬ እንደ መዝራት ይቆጠራል። መንገድ ዳር፣ የቦይ ዳርና የወል መሬት ባለቤት የሌላቸው ስለሚመስሉ የአረም መሸሸጊያ የሚሆኑት እነርሱ ናቸው። ማኅበሩ ቀን ቆርጦ እነዚህን ቦታዎች በደቦ ካላሳረመ፣ እያንዳንዱ ገበሬ በማሳው ውስጥ የሚያፈሰው ላብ በየዓመቱ እንደ አዲስ ይጀመራል።

ሁለተኛው ተባይ ነው። የቲማቲምን ቅጠልና ፍሬ የሚሰረስረው ቱታ አብሶሉታ የተባለው የእሳት ራት ከደቡብ አሜሪካ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ2006 ስፔን ከገባ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 በኢትዮጵያ መገኘቱ ተረጋግጧል። ትሉ በቅጠሉ ሁለት ገጽ መካከል ተሸሽጎ ስለሚበላ የሚረጨው መድኃኒት በቀላሉ አይደርስበትም። የጥቅል ጎመንን ቅጠል ወንፊት የሚያደርገው ትል ደግሞ መድኃኒትን በመላመድ የታወቀ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ በጃቫ ደሴት ዲዲቲን ተቋቁሞ መገኘቱ በመላው ዓለም የእርሻ ባለሙያዎች ዘንድ ትምህርት ሆኖ ቆይቷል። ስለዚህ ትሉ አልሞት ሲል መጠኑን መጨመርና ሁለት ሦስት መድኃኒት መደባለቅ ጠንካራውን ተባይ መርጦ ከማራባት አያልፍም።

ከመርጨት በፊት ሊደረግ የሚችለው ብዙ ነው። ምርት ከተሰበሰበ በኋላ የቲማቲሙን ግንድና የረገፈውን ፍሬ ለቅሞ መቅበር ወይም ማቃጠል፣ ቲማቲም፣ ድንችና ቃሪያ አንድ ዘር ስለሆኑ በአንድ ማሳ ላይ አለማከታተል፣ በቆራጭ ትል የወደቀ ችግኝ ሲታይ በማለዳ አጠገቡን ፍቆ ትሉን ፈልጎ መግደል፣ ክሽክሽ የወረረውን የጎመን ቅጠል ቀጥፎ ማስወገድና የቀረውን በሳሙና ውኃ ማጠብ ወጪ የማይጠይቁ ዘዴዎች ናቸው። በማሳ ላይ የሚታይ ነፍሳት ሁሉ ጠላት አለመሆኑንም ማወቅ ያስፈልጋል። ነጠብጣብ ያላት ቀይ ጥንዚዛ ክሽክሽን ትበላለች፤ ንብም ለዱባው ፍሬ መያዝ ምክንያት ናት። ንብ በሚሠማራበት ሰዓት መርዝ መርጨት የገዛ ምርትን መቀነስ ነው።

መርዙ የግድ ሲሆንም በጥንቃቄ መያዝ አለበት። በ2002 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 674 የፀረ ተባይ መድኃኒት ምዝገባና ቁጥጥር እንዲደረግ የደነገገው ያለ ምክንያት አይደለም። ለወባ ትንኝ የታሰበን መድኃኒት በጎመን ላይ መርጨት፣ በጠርሙስ ክዳን በግምት መለካት፣ ተረጭቶ በማግሥቱ ለቅሞ ወደ ገበያ መውሰድ፣ ባዶውን ዕቃ አጥቦ የመጠጥ ውኃ መቅጃ ማድረግ ገበያተኛውን ብቻ ሳይሆን ከሁሉ በፊት የገበሬውን ልጆች የሚጎዳ ድርጊት ነው። በመለያው ላይ የተጻፈውን አንብቦ የሚያስረዳና ከመርጨት እስከ መልቀም መጠበቅ ያለበትን ቀን የሚያስታውቅ አንድ የሠለጠነ ሰው በየማኅበሩ መኖር አለበት።

ሦስተኛው የዱር አውሬ ነው። በጫካና በገደል አፋፍ ያሉ መንደሮች ቀን በዝንጀሮና በጦጣ፣ ሌሊት በጃርትና በዱር አሳማ ይፈተናሉ። አንድ ቦታ ተተክሎ የሚከርም ማስፈራሪያን ዝንጀሮ በጥቂት ቀን ይለምደዋል። በመሆኑም ጥበቃው በሰው ላይ ይወድቃል፤ ያ ሰው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ልጅ ነው። ወንጭፍ ይዞ ማማ ላይ የሚውል ልጅ ከትምህርት ገበታው ይቀራል። ድንቹ ይድን ይሆናል፤ ልጁ ያጣው የትምህርት ዘመን ግን በምንም ምርት አይተካም።

ይህ ሁኔታ ሊለወጥ እንደሚችል ቀላል ሒሳብ ያሳያል። ማሳቸው የተያያዘ ሃያ አባወራዎችና እማወራዎች ለየብቻ ቢጠብቁ በየቀኑ ሃያ ሰው ከሥራ ወይም ከትምህርት ይስተጓጎላል። በወንፈል ተስማምተው በቀን ሁለት አዋቂዎችን ቢያሰማሩ ግን ለአንድ ቤት ተራው የሚደርሰው በአሥር ቀን አንዴ ነው። አቅመ ደካሞችና ጧሪ የሌላቸው ከተራው ነፃ ሆነው ማሳቸው እንዲጠበቅላቸው ማድረግም የማኅበሩ ወግ ሊሆን ይገባል። በተለይ ሊሰመርበት የሚገባው ጉዳይ ከጫካው ዳር የሚያርሰው ገበሬ ለሌሎቹ አጥር ሆኖ መኖሩ ነው። አውሬው መጀመሪያ የሚያገኘው የእርሱን ማሳ ስለሆነ ጥበቃው ከዚያ መጀመር አለበት።

አጥርን በተመለከተም ኮሽም፣ አጋምና ቀጋ የመሳሰሉት እሾሃማ ተክሎች በክረምት መግቢያ ላይ ጠበቅ ተደርገው ቢተከሉ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በየዓመቱ እንጨት የማይጠይቅ ሕያው አጥር ይሆናሉ። እስከዚያው በሾህ ማጠርና ጃርት ቆፍሮ እንዳይገባ የአጥሩን ግርጌ በድንጋይ ማጠናከር ይጠቅማል። ድንች፣ ካሮትና ስኳር ድንች ወደ ቤት ቀርበው፣ አውሬ እምብዛም የማይደፍራቸው ቃሪያና ነጭ ሽንኩርት ወደ ዳር ወጥተው ቢተከሉም ጉዳቱ ይቀንሳል።

ከንዴት የተነሣ መርዝ በሥጋ ወይም በእህል ለውሶ መጣል ግን ሊወገዝ የሚገባው ነው። መርዙ አይመርጥም፤ የቤት ውሻን፣ ጅብንና ጥንብ አንሳን አብሮ ይጨርሳል። አይጥ የሚለቅመው ቀበሮና ዝንጀሮ የሚያድነው ነብር ሲጠፉም ከሁሉ በፊት የሚጎዳው ገበሬው ራሱ ነው።

እንግዲህ የማኅበራት መሪዎች በቅርቡ በሚጠሩት ስብሰባ ሦስት ጉዳዮችን ቢያስወስኑ መልካም ጅምር ይሆናል። እነዚህም የወል አረም ነቀላ ቀን፣ የአዋቂዎች የጥበቃ ተራ እና የመድኃኒት አጠቃቀም ኃላፊ ናቸው። ገንዘብ የሚጠይቁ አይደሉም፤ የሚጠይቁት ስምምነትንና ስምምነቱን የሚያስከብር መሪን ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው የአበው ብሂል በየስብሰባው ይጠቀሳል። የዘንድሮው ድር ዝንጀሮን አስቁሞ አንድ ልጅ ከማማ ወርዶ ወደ ትምህርት ቤቱ እንዲመለስ ካደረገ፣ ብሂሉ ከአንደበት አልፎ ሥራ ላይ ዋለ ማለት ነው።