ናፍጣ፣ ውሃና ፒክአፕ፦ የነዳጅ አዲቲቭ ፋይዳ በፎገራ ሜዳ

የነዳጅ አዲቲቭ በጥቂቱ ናፍጣ ውስጥ ገብቶ አንድ የተወሰነ ባሕርዩን እንዲያሻሽል የተዘጋጀ ኬሚካል ሲሆን፣ በትንንሽ ጠርሙስ ታሽጎ በመለዋወጫ መደብሮች ይሸጣል። ጉልበቱ የደከመ ወይም ጭሱ የበዛ ፒክአፕ ያለው ሰው ጠርሙሱን ቢገዛ አያስገርምም፤ በናፍጣ ጥራት ላይ የሚሰማው እሮሮ መሠረት የሌለው አይደለምና። ይሁን እንጂ አዲቲቭ ሊያሻሽል የሚችለው ንጹሕ ናፍጣን ብቻ ነው። እንደ ፎገራ ባለ አካባቢ ሞተርን ይበልጥ የሚያሰጋው ናፍጣው ሲመረት የጎደለው ነገር ሳይሆን ከዴፖ እስከ መኪናው ታንክ ባለው ጉዞ የሚገባበት ባዕድ ነገር በመሆኑ፣ ለጠርሙስ የሚወጣው ገንዘብ አስቀድሞ ለማጣሪያና ለንጹሕ ማስቀመጫ ሊውል ይገባል።

ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አስፋልት ላይ፣ የደብረ ታቦርና የወልድያ መንገድ በሚገነጠልበት ቦታ የምትገኝ የፎገራ ወረዳ ከተማ ናት። እስከ ጣና ዳርቻ የተዘረጋውን ሜዳ የርብና የጉማራ ወንዞች በክረምት እየሞሉ ያጥለቀልቁታል፤ የአካባቢው ሩዝም የሚለማው በዚሁ ውሃ ነው። በበጋ ደግሞ ሽንኩርቱና ሌላው አትክልት በሞተር ፓምፕ ስለሚጠጣ፣ ነዳጅ በበርሜልና በጀሪካን ወደ ማሳ ይወጣል፤ ከጅቡቲ በቦቴ የሚመጣው ናፍጣ ከማደያ ሲጠፋ ለፒክአፑም የሚቀዳለት ከዚያው ጀሪካን ነው።

በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ዋናው ጠላት ውሃ ነው። ግማሹ ባዶ የሆነ በርሜል ቀን ሲሞቅ አየር ያስወጣል፣ ሌሊት ሲቀዘቅዝ እርጥብ አየር መልሶ ያስገባል፤ እርጥበቱም በብረቱ ግድግዳ ላይ ጤዛ ሆኖ ይወርድና፣ ውሃ ከናፍጣ ስለሚከብድ፣ ከሥር ይተኛል። ውሃውና ናፍጣው በሚገናኙበት ቦታ ሻጋታና ባክቴሪያ ይራባሉ፤ የእነሱም ዝቃጭ ፊልትሮ ይደፍናል። ይህን ለማየት ላቦራቶሪ አያስፈልግም፤ ከበርሜሉ ሥር በቀጭን ጎማ የተሳበ ናፍጣ በብርጭቆ ጠርሙስ ተደርጎ ሳይነካ ቢያድር፣ ጠዋት ከታች ውሃው፣ በላዩ እንደ ክር የቀጠነ ቡናማ መስመር፣ ከዚያም ናፍጣው ተለይቶ ይታያል።

የቆዩት የሃይሉክስ ፒክአፕ ሞተሮች፣ ለምሳሌ 2ኤልና 3ኤል የሚባሉት፣ እንዲህ ያለውን ጉድፍ በተወሰነ ደረጃ ይችሉት ነበር። ዲፎርዲ የሚባሉት ግን በኮመን ሬይል ይሠራሉ፤ ይህም ፓምፑ ናፍጣውን ከ1,000 ባር በላይ በሆነ ግፊት በአንድ የጋራ ቧንቧ ውስጥ አፍኖ ይዞት፣ ኢንጀክተሮቹ በኮምፒዩተር ትእዛዝ እየመጠኑ የሚረጩበት አሠራር ነው። በኢንጀክተሩ ተንሸራታች ክፍሎች መካከል ያለው ክፍተት በማይክሮን፣ ማለትም በሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ የሚለካ በመሆኑ፣ ጥቂት ዝገት ወይም ደቃቅ አቧራ ውድ የሆነውን ዕቃ ከጥቅም ውጭ ለማድረግ ይበቃል።

ከጠርሙሶቹ መካከል ብዙ የሚወራለት የሴቴን ማሻሻያ ነው። የሴቴን ቁጥር ናፍጣ በተጨመቀ ትኩስ አየር ውስጥ ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚቀጣጠል የሚያሳይ ሲሆን፣ የአውሮፓው ኢኤን 590 ደረጃ ቢያንስ 51፣ የአሜሪካው ቢያንስ 40 እንዲሆን ይጠይቃል። ማሻሻያው ቁጥሩን በጥቂት ነጥብ ከፍ አድርጎ ሞተሩ ጠዋት ቶሎ እንዲነሳ ይረዳል። ሆኖም በዓለም በር በኩል ወደ ደብረ ታቦር ሲወጣ ጥቁር ጭስ የሚተፋ ቱርቦ የሌለው ፒክአፕ በዚህ አይድንም። ወረታ 1,800 ሜትር ገደማ፣ ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሚገኙ፣ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር ይልቅ በወረታ ከ15 በመቶ በላይ፣ በደብረ ታቦር ሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ ፓምፑ ለወፍራም አየር የተለካ ናፍጣ ሲሰጥ፣ አየር ያጣው ትርፍ ጥላሸት ሆኖ ይወጣል። የሚረዳው ፓምፑን በልኩ ማስተካከልና የሩዝ ገለባ አቧራ የሞላውን የአየር ፊልትሮ መቀየር ነው።

ይበልጥ ቁም ነገር ያለው የማለስለሻ አዲቲቭ ነው። የናፍጣ ፓምፕ የሚለሰልሰው በራሱ በናፍጣው ሲሆን፣ ሰልፈርን ለመቀነስ የሚደረገው ማጣራት ለዚህ የሚያገለግሉትን ውህዶች አብሮ ያስወግዳል። ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሰልፈሩ እጅግ ያነሰ ናፍጣ ስታስገባ ፓምፖች ያለጊዜያቸው አለቁ፤ መፍትሔው የተገኘው ማለስለሻውን ነዳጁ ለሽያጭ ከመውጣቱ በፊት በመጨመር ነው። በአንጻሩ "ውሃ ያጠፋል" ተብሎ የሚሸጠውን ዓይነት በጥንቃቄ ማየት ያስፈልጋል። አንዱ ዓይነት ውሃው ከናፍጣ ተለይቶ እንዲወርድና በፊልትሮው የውሃ መለያ እንዲያዝ ያደርጋል። ሌላው ግን ውሃውን በደቃቁ በትኖ በማጣሪያው በኩል ስለሚያሳልፈው፣ ውሃው ኢንጀክተሩ ጫፍ ላይ ድንገት ተንኖ ብረቱን ሊጎዳ ይችላል፤ መለያውን በየጊዜው ለሚያፈስ አሽከርካሪ የሚበጀው የመጀመሪያው ብቻ ነው።

ነጭ ጋዝ ለተቀላቀለበት ናፍጣ ደግሞ የትኛውም ጠርሙስ ዋስትና አይሆንም። ነጭ ጋዝ ከናፍጣ ይልቅ ቀጭንና የማለስለስ አቅሙ ያነሰ ነው። ኢኤን 590 ናፍጣ በ15 ዲግሪ ሴልሺየስ በአንድ ሜትር ኩብ ከ820 እስከ 845 ኪሎ ግራም እንዲመዝን ይጠይቃል፤ ክብደቱ እንደ ሙቀቱ ስለሚለዋወጥ በፎገራ ቀትር የሚወሰድ ልኬት በሠንጠረዥ መስተካከል ይኖርበታል። በሃይድሮሜትር፣ ማለትም በፈሳሽ ላይ ተንሳፍፎ ክብደቱን በሚያሳይ የመስታወት መለኪያ፣ ብዙ ነጭ ጋዝ የገባበትን ናፍጣ መጠርጠር ይቻላል፤ ጥቂቱ ግን ሊያመልጥ ይችላል።

ስለዚህ አዲቲቭ የሚያስፈልግ ከሆነ ቦታው ዴፖው ነው። ኢትዮጵያ በ2001 ዓ.ም. ኢታኖልን ከቤንዚን ጋር 5 በመቶ፣ በ2003 ዓ.ም. 10 በመቶ መቀላቀል ስትጀምር፣ ሥራው ለየአሽከርካሪው የተተወ ሳይሆን በነዳጅ ኩባንያዎች ዴፖ የሚከናወን ነበር። የናፍጣ ማለስለሻም በዚያው መንገድ ተለክቶ ሊገባና የናሙናው ውጤት ከቦቴው ሰነድ ጋር ወረታ ድረስ ሊሄድ ይችላል፤ ይህ ካልሆነ ማደያው የተረከበውን፣ ባለ ፒክአፑም የገዛውን ናፍጣ የሚያመሳክርበት ነገር አይኖረውም።