ጠመንጃው የውሸት፣ ዐይኑ የእውነት



በዛሬው ጽሑፋችን የምናነሣው ጉዳይ ለአንዳንዶቻችን እንግዳ መስሎ ሊታይ ይችላል። ይኸውም በውጭው ዓለም «ኤርሶፍት» እየተባለ የሚጠራው፣ በአየር ግፊት የፕላስቲክ እንክብል በሚተፋ ጠመንጃ የሚካሄደው የውጊያ ጨዋታ ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ዘመዶቻችን ልጆቻቸው የወታደር መሳይ ልብስ ለብሰው፣ ጭምብል አጥልቀው፣ ጠመንጃ አንግተው የተነሡትን ፎቶግራፍ በእጅ ስልክ ሲልኩልን፣ «ይህ ምን ዓይነት ጨዋታ ነው? ለልጅስ ይፈቀዳል? ወደ እኛስ ቤት ቢመጣ እንዴት ይሆናል?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። እውነተኛውን መሣሪያ በትከሻው ተሸክሞ የሚውል ወታደር በፕላስቲክ ጠመንጃ ቢስቅ አይፈረድበትም። ነገሩን ከሥሩ ስንመረምረው ግን ከሣቅ ይልቅ ማስተዋልን የሚጠይቅ ሆኖ እናገኘዋለን።

የጨዋታው መነሻ አገር ጃፓን ናት። የዚያች አገር ሕግ ተራው ዜጋ ሽጉጥ እንዲይዝ ስለማይፈቅድ፣ የመሣሪያ ፍቅር ያደረባቸው ሰዎች መልኩ ከእውነተኛው የማይለይ፣ ኀይሉ ግን እጅግ አነስተኛ የሆነ መጫወቻ መሥራትና መሰብሰብ ያዙ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ይኸው መጫወቻ እየተሻሻለ ሄዶ፣ ወጣቶችና ጎልማሶች በቡድን ተከፋፍለው በየጫካው የሚጋጠሙበት መሣሪያ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1991 ቶኪዮ ማሩይ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በፈረንሳዩ ፋማስ ጠመንጃ አምሳል የተሠራና በባትሪ ኀይል የሚተኩስ መሣሪያ ለገበያ ካቀረበ ወዲህ፣ ጨዋታው ባሕር ተሻግሮ በአውሮፓና በአሜሪካ ተስፋፋ።

ሰው ውጊያን በጨዋታ መልክ መለማመዱ አዲስ ነገር አይደለም። በእኛም ዘንድ የጉግስ ፈረሰኛ ጦሩን በደረቅ ዘንግ ለውጦ፣ ጋሻውን ይዞ፣ በበዓል ቀን በአደባባይ ሲጋጠም ኖሯል። የጉግስ ተጫዋች ግን ዘንጉ ጦር አለመሆኑን ተመልካቹ ሁሉ ያውቅለታል። የኤርሶፍት ተጫዋች የያዘው መሣሪያ ግን ከሩቅ ሲታይ ከእውነተኛው አይለይም። የጨዋታው ደስታም ሆነ አደጋው የሚመነጨው ከዚሁ ነው።

ስለ መሣሪያው ኀይል ጥቂት አኃዞችን እንመልከት። የተለመደው እንክብል 6 ሚሊሜትር ስፋት አለው፤ ክብደቱም ብዙውን ጊዜ 0.20 ግራም ነው። ይህ እንክብል በሰኮንድ 100 ሜትር ፍጥነት ሲወጣ የሚሸከመው ኀይል 1 ጁል ብቻ ነው። በአንጻሩ ሠራዊታችን የሚያውቀው የ7.62 ክላሽንኮቭ ጥይት ከአፈሙዝ ሲወጣ ወደ 2000 ጁል ይጠጋል። ይህን ልዩነት ያየ ሰው «ታዲያ ምን ያስፈራል?» ሊል ይችላል። 1 ጁል በልብስ ላይ ሲያርፍ የንብ ንድፊያ ያህል ያማል፤ በባዶ ቆዳ ላይ ቀይ ምልክት ይተዋል፤ ባልተሸፈነ ዐይን ላይ ሲያርፍ ግን ብርሃንን ለዘለዓለም ሊያጠፋ ይችላል።

ስለዚህ ዕቃ በሚመረጥበት ጊዜ ቅደም ተከተሉ ከዐይን ይጀምራል። ጀማሪ ሁሉ ገንዘቡን በቅድሚያ በጠመንጃው ላይ ማፍሰስ ይፈልጋል፤ ይህ ግን ጋሪውን ከፈረሱ ማስቀደም ነው። የመጀመሪያው ግዢ ዙሪያውን ከፊት ጋር የሚገጥም፣ እንክብል በጎን የማያስገባ፣ በጥንካሬ ደረጃ የተፈተነ መነጽር መሆን ይገባዋል። በአሜሪካ «አንሲ ዜድ 87.1»፣ በአውሮፓ «ኢኤን 166» የተባሉት የደረጃ ምልክቶች በመነጽሩ ላይ ታትመው ይገኛሉ። ተራ የፀሐይ መነጽር ሲመታ ተሰባብሮ ራሱ ጠላት ስለሚሆን ፈጽሞ አያገለግልም። ከሽቦ ወንፊት የተሠራው መከላከያ በላብ ባይደበዝዝም፣ እንክብሉ ሲሰበር ስብርባሪው በቀዳዳው ሊያልፍ ስለሚችል፣ ለዐይን ድፍኑ መነጽር ተመራጭ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው አፍንና ጥርስን የሚሸፍን ጭምብል ነው፤ የፊት ጥርሱን በጨዋታ ያጣ ወጣት ጥቂት አይደለም። ሦስተኛው ቁርጭምጭሚትን የሚደግፍ ጫማ ነው፤ በጫካና በፍርስራሽ መካከል የሚሮጥ ሰው ከእንክብሉ ይልቅ በድንጋይና በጉድጓድ ይጎዳልና። ይህን የከስክስ ጫማ ጥቅም የሚያውቅ የሠራዊት አባል ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም።

ጠመንጃው በአራተኛ ደረጃ ይመጣል። ዓይነቱም በሦስት ይከፈላል። የመጀመሪያው በሞላ የሚሠራው ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ ተኩስ በእጅ መወጠርን ይጠይቃል፤ ዋጋው ርካሽ፣ አሠራሩም ቀላል ነው። ሁለተኛው በጋዝ የሚሠራው ነው፤ ሲተኮስ የእውነተኛውን መሣሪያ ያህል ባይሆንም ወደ ኋላ መግፋቱ ይሰማል፤ ነገር ግን አየሩ ሲቀዘቅዝ የጋዙ ግፊት ስለሚወርድ ይደክማል፤ የጎማ ክፍሎቹም ዘወትር ዘይት ይሻሉ። ሦስተኛው በባትሪና በሞተር የሚሠራው ነው። ሞተሩ ጥርሶችን ያዞራል፤ ጥርሶቹ ሞላውን ወጥረው ይለቁታል፤ የተለቀቀው ሞላ አየሩን ገፍቶ እንክብሉን ያስወጣል። በአንድ ባትሪ በመቶዎች የሚቆጠር እንክብል ስለሚተኩስና ለብርድ ስለማይበገር፣ ለጀማሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚመከረው ይኸኛው ነው። በአብዛኞቹ መሣሪያዎች ውስጥ እንክብሉን ከላይ በኩል ፈተግ አድርጎ ወደ ኋላ እንዲሽከረከር የሚያደርግ ትንሽ የጎማ ክፍል አለ፤ እንክብሉ እየተሽከረከረ በአየር ላይ ተደግፎ ስለሚሄድ፣ ኀይሉ ሳይጨምር ርቀቱ እስከ 40 ወይም 50 ሜትር ይደርሳል።

በዚህ ረገድ እኅቶቻችን በተለይ ሊያስተውሉት የሚገባ ነገር ባትሪው ነው። ሊቲየም ፖሊመር የሚባለው ዓይነት ለራሱ በተሠራ ቻርጀር ብቻ መሞላት ይኖርበታል፤ ሰው ተኝቶ ሳለ ወይም ቤት ተዘግቶ መሞላት የለበትም፤ ያበጠ ባትሪ እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል ከአገልግሎት መውጣት አለበት። እንክብልም ቢሆን ከመሬት ተለቅሞ ሁለተኛ አይተኮስም፤ አሸዋና ጭረት ይዞ ወደ ውስጥ ስለሚገባ መሣሪያውን ያበላሻል። ከሁሉም በላይ፣ አብዛኞቹ የጨዋታ ሜዳዎች መሣሪያና መነጽር ስለሚያከራዩ፣ ሰው ሁለት ሦስት ጊዜ ተከራይቶ ሳይሞክር መግዛቱ ከቤት በጀት ላይ ያለ አግባብ መቀነስ ነው።

የሠራዊት አባል የሆነ ሰው አንድ ተጨማሪ ሕግ አለበት። የደንብ ልብስ፣ ዝናርና ሌላም ከመንግሥት የተረከበው ዕቃ የጨዋታ መሣሪያ አይደለም። ለሌላው ሰው የወታደር ልብስ ጌጥ ሊሆን ይችላል፤ ለእኛ ግን ኀላፊነት ነው።

ዕቃው ከተመረጠ በኋላ የሚቀጥለው ጥያቄ «የትኛው ጨዋታ?» የሚል ነው። በሕንፃ ውስጥ የሚካሄደው ፈጣንና አጭር ነው፤ ተኩሱ ከቅርብ ስለሚሆን የመሣሪያው ኀይል ዝቅ እንዲል ይደረጋል። በጫካ የሚካሄደው ትዕግሥትን፣ መሸሸግንና በቡድን መንቀሳቀስን ይጠይቃል። ሰንደቅ መማረክ፣ ምሽግ መከላከል፣ አንድን ሰው አጅቦ ማሻገር የመሳሰሉት በሁለቱም ቦታ ይካሄዳሉ። ከዚህ ሌላ የውጊያ አምሳያ የሚባለው ረጅም ጨዋታ አለ፤ ሃያ አራት ሰዓትና ከዚያም በላይ ይቆያል፤ የእዝ ሰንሰለት፣ ሬዲዮ፣ የተወሰነ ካዝናና የሌሊት ጥበቃ አለው። ዓመቱን ሙሉ በጥበቃ ያሳለፈ ወታደር በፈቃድ ጊዜው ገንዘብ ከፍሎ ዳግመኛ ጥበቃ ይቆም እንደሆነ ምርጫውን ለራሱ እንተዋለን። ለአዳጊዎችና ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሞክሩ ግን አጭር፣ በቀን ብርሃን የሚካሄድ፣ ዳኛ የሚገኝበት ጨዋታ ይሻላል።

ወላጅ ልጁን ወደ ሜዳ ከመላኩ በፊት አራት ነገሮችን ይጠይቅ። የእያንዳንዱ መሣሪያ ፍጥነት ከጨዋታው በፊት በመለኪያ ይመዘናልን? ካዝና ወልቆ፣ አፈሙዝ ተከድኖ የሚታረፍበት የተከለለ ቦታ አለን? በሜዳው ውስጥ መነጽሩን ያወለቀ ሰው ወዲያው ጨዋታው ይቆምበታልን? ሕግ የጣሰ ሰው፣ የቆየ ደንበኛም ቢሆን፣ ይሰናበታልን? ለአራቱም «አዎን» የሚል መልስ ያልተገኘበት ሜዳ፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ የሚላክበት አይደለም።

በዚህ ጨዋታ ውስጥ ለሠራዊት ቤተሰብ ትልቅ ትምህርት የሚሆን አንድ ደንብ እናገኛለን። እንክብሉ ቀለም ስለማይተው፣ ማን እንደተመታ የሚያውቀው አብዛኛውን ጊዜ የተመታው ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ የተመታው ራሱ እጁን አንሥቶ «ተመትቻለሁ» ብሎ ይወጣል፤ ብዙዎችም ቀይ ጨርቅ ያሳያሉ። የሚዋሽ ሰው ለጊዜው ያሸንፍ ይሆናል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ግን ከእሱ ጋር ለመሰለፍ የሚፈቅድ ጓደኛ አያገኝም። ማንም ሳያየው እውነቱን መናገር የለመደ ልጅ ከጨዋታው ያተረፈው ይህን ነው፤ ይህም ከየትኛውም ውድ ጠመንጃ ይበልጣል።

አሁን ወደ ከባዱ ክፍል እንመጣለን። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2014 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ ክሊቭላንድ ከተማ፣ አንድ የ12 ዓመት ልጅ በመናፈሻ ውስጥ የኤርሶፍት ሽጉጥ ይዞ ይጫወት ነበር። በአገሪቱ ሕግ መሠረት በእንዲህ ያለ መጫወቻ አፈሙዝ ላይ መኖር የሚገባው የብርቱካን ቀለም ምልክት በሽጉጡ ላይ አልነበረም። የተጠሩት ፖሊሶች ከደረሱ በኋላ በጥቂት ሰኮንዶች ውስጥ ልጁ በጥይት ተመታ፤ በማግሥቱም ሞተ። ጥፋቱ የማን ነው በሚለው ላይ ብዙ ተብሏል፤ እናት ግን ልጇን አላገኘችም። መንግሥታትም በበኩላቸው ሕግ አጥብቀዋል። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ2006 የእነዚህን መሣሪያዎች ኀይል ከ1 ጁል በታች ወሰነች፤ ብሪታንያ በዚያው ዓመት ባወጣችው ሕግ እውነተኛ መሳይ መሣሪያ እንደልብ እንዳይሸጥ አገደች፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ የኀይል ጣሪያውን በተከታታይ ለሚተኩሰው 1.3፣ ነጠላ ለሚተኩሰው 2.5 ጁል አደረገች።

እንግዲህ በእኛ ቤት ምን ይደረግ? የጃፓን የምድር ራስ መከላከያ ኀይል ለቅርብ ውጊያ ልምምድ እንዲህ ባለ መሣሪያ መጠቀሙ፣ ነገሩ በጥብቅ ሥርዓት ሲያዝ ለወታደርም እንደሚጠቅም ያሳያል። ነገር ግን በልምምድ ሜዳ ላይ ሥርዓት አለ፤ በመኖሪያ ቤት ውስጥ ግን ልጅ አለ። ወታደር ከምልመላው ዕለት ጀምሮ አፈሙዝን ወደ ወገን እንዳያዞር፣ መሣሪያ ሁሉ እንደ ጎረሰ እንዲቆጠር ተምሯል። ይህ ጨዋታ ደግሞ ከነጭራሹ አፈሙዝን ወደ ጓደኛ ማዞር ነው። ዐዋቂ ሰው ሁለቱን በአእምሮው ለይቶ ሊያኖር ይችላል፤ የስድስት ዓመት ሕፃን ግን አይችልም። አባቱ ከግዳጅ ሲመለስ በግድግዳው ላይ የሚያንጠለጥለውንና አጎቱ ከባሕር ማዶ የላከለትን በመልክ መለየት የማይችል ሕፃን፣ አንድ ቀን የተሳሳተውን ያነሣል።

ስለዚህ የዓምዳችን አሳብ ይህ ነው። እውነተኛ መሣሪያ በሚገባበት ቤት ውስጥ እውነተኛ መሳይ መጫወቻ አይግባ። ዘመድ ልላክ ቢል በአክብሮት «ኳስ ላክልን» ይባል፤ ሻንጣው ውስጥ አድርጎ ይዤ ልምጣ የሚል ካለም አስቀድሞ ጉምሩክንና ፖሊስን ይጠይቅ። በውጭ አገር የሚኖሩት ልጆቻችን ቢጫወቱ አንቃወምም፤ ነገር ግን መሣሪያው ከሜዳ እስከ ቤት በተዘጋ ቦርሳ ውስጥ ይጓዝ፤ ባትሪውና ካዝናው ይውለቅ፤ የብርቱካን ቀለሙ አይፋቅ፤ በመንገድም ሆነ በመስኮት በኩል ለማንም አይታይ። ይህን ለእነርሱ የሚነግር ከእናንተ ከሠራዊቱ አባላትና ከባለቤቶቻችሁ የተሻለ መካሪ አይገኝም፤ ጠመንጃ ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁና።

ስልክ ስትደውሉላቸው ከሰላምታው ቀጥላችሁ ስለ መነጽሩ ጠይቁልን።

በሚቀጥለው ሳምንት በሌላ ርእስ እስክንገናኝ መልካም ሰንበት።