ስላደረ ወጥ





ባለፈው ፋሲካ የተረፈው የዶሮ ወጥ በትልቁ ድስት እንዳለ ምድጃው ላይ አደረ። በማግስቱ እኔው ራሴ ለብ አድርጌ ለሁለቱ ልጆቼ አቀረብሁ። ከቀትር በኋላ ሁለቱንም ሲያስመልሳቸው አመሸ። በክፍል ስለ ተሕዋስያን የማስተምር ሰው በቤቴ ባለመጠንቀቄ እጅግ አፈርሁ።

ብዙዎቻችን «እሳት ካየ ምን ይሆናል?» ብለን እንበላለን። ነገር ግን ለብ ማድረግ ማፍላት አይደለም። ደግሞም ወጡ ውጭ ሲያድር አንዳንድ ተሕዋስያን የሚያመነጩት መርዝ ኋላ ቢፈላም አይጠፋም።

ስለዚህ የተረፈው ወጥ በ2 ሰዓት ውስጥ በትናንሽ ዕቃ ተከፍሎ ማቀዝቀዣ ይግባ። ሲበላም የሚበቃው ብቻ ወጥቶ፥ እየተማሰለ፥ እስኪንተከተክ ይሙቅ፤ አንድ ጊዜ የሞቀው ዳግመኛ አይመለስ። ከ3 ቀንም አይለፍ። መብራት ከ4 ሰዓት በላይ ከጠፋ ማቀዝቀዣው ከቁም ሳጥን እንደማይሻል እናስብ።

ዶሮ እንዲህ በተወደደበት ጊዜ ወጥ መድፋት ያንገበግባል፤ የልጅ ሕመም ግን ከዚያ ይብሳል።

ከአክብሮት ጋር፤
አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከአዲስ አበባ